የኋላ መስታወት መጥረጊያ

የአንኮበር እናት ልጇን ስትሸኝ ደጃፍ ላይ አትቀርም። እስከ መንገዱ መታጠፊያ ተከትላ ትሄዳለች፤ እዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ትቆማለች። ሂያጁ ደግሞ መታጠፊያውን ሳያልፍ ዞር ብሎ ሊያያት ይገባል። ዞር ያላለ ልጅ ወይ ቂም ይዟል፣ ወይ ኮርቷል። የመሪጌታ ወልደተንሣኤ ባለቤት እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም ነበር።

«ባለፈው ወር ስትሄጂ አላየሽኝም» አሏት ልጃቸውን አስካለማርያምን፣ ገና ከመኪና ወርዳ ሳትስማቸው።

«እማዬ፣ እኔ እኮ…»

«ዝናብ እየመታኝ ቆሜ እጄን አወዛውዛለሁ፤ አንቺ እቴ። ደብረ ብርሃን ገብተሽ መርፌ መውጋት ስትማሪ እናት ማየት ተረሳሽ?»

ጊዜው 1956 ዓ.ም.፣ ወሩ ሐምሌ ነው። አስካለ በደብረ ብርሃን በአንድ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ናት። የጤና ጣቢያው መኪና በየወሩ የክትባት መድኃኒት ይዛ አንኮበር ትመጣለች። ከፊት ሹፌሩ አበባውና ጉልበታቸውን የሚያማቸው የዕቃ ቤት ኃላፊ ጋሽ ወልደ ሰንበት ይቀመጣሉ፤ አስካለ ከኋላ ከመድኃኒቱ ሣጥኖች ጋር ናት። እናቷ ያሉት እውነት ነው፤ አላየቻቸውም። ዞር ማለቱንስ ብላ ነበር። የኋላው መስታወት በጭቃ ተለስኖ የሚታይ ነገር ጠፋ እንጂ።

ያን ዕለት ሲመለሱም ያው ሆነ። አስካለ ወንበሩ ላይ ተንበርክካ መስታወቱን በሻሿ ፈተገችው፤ ጭቃው ግን በውጭ በኩል ነው። መታጠፊያውን አለፉ። ሻሿን ፊቷ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች።

አበባው በስፔኪዮው አያት። የጫጫ ልጅ ነው፤ አባቱ እህል ነጋዴ ናቸው፤ እሱ ግን ከልጅነቱ ጋራዥ ገብቶ ሹፌርም መካኒክም ሆኖ ወጣ። ብዙ አይናገርም። ጋሽ ወልደ ሰንበት አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው ማንኮራፋት እስኪጀምሩ ጠበቀ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«እማዬ ኮርተሻል አለችኝ።» ነገሩን ሁሉ ነገረችው።

«ታዲያ ለምን አቁም አላልሽኝም?»

«ገደል አፍ ላይ ማን ያቆማል?»

እውነቷን ነው። እዚያ መታጠፊያ ላይ መኪና የሚያቆም ሰው ካለ መኖር የሰለቸው ነው።

«የፊቱን መስታወት ዝናብ ያጥበዋል» አለ አበባው። «የኋላው ግን መኪናዋ ራሷ ከጎማዋ ያስነሳችው ጭቃ ዞሮ ይለጠፍበታል። ጀርባዋ ቀጥ ያለ ስለሆነ ነው።»

አስካለ የነገረችው ስለ እናቷ እንጂ ስለ ጭቃው አልነበረም። እንዲህ ያለ ደረቅ ሰው አይታ እንደማታውቅ አሰበች፤ ደብረ ብርሃን እስኪደርሱም አላናገረችው።

ከቀናት በኋላ ከጤና ጣቢያው ጓሮ የጋሽ ወልደ ሰንበት ድምፅ ተሰማ። አስካለ መርፌ የምትቀቅልበትን ትታ ወጣች። አበባው የመኪናዋን የኋላ በር በስቶ፣ ከቀዳዳው ፊት ተንበርክኳል።

«የመንግሥት መኪና ትበሳለህ? ለኋላ መስታወት መጥረጊያ! መኪናዋ ከእንግዲህ ወደኋላ ልትሰግር ነው?»

«ወደኋላ ስነዳ ገደሉ አይታየኝም፣ ጋሼ። ያን ጊዜ እርስዎም ከጎኔ ነዎት።»

ጋሽ ወልደ ሰንበት ገደሉን አሰቡት። ከዚያም ጉልበታቸውን እያሹ ወደ ዕቃ ቤታቸው ገቡ። አስካለ እዚያው ቀረች። አበባው ቀና ብሎ አያት፤ ቶሎ ብሎም ዓይኑን ወደ ሥራው መለሰ።

«ለገደሉ ነው?» አለችው።

«ለገደሉም ነው።»

«ሌላስ?»

«ካቻቢቴውን አቀብዪኝ» አለ።

አቀበለችው። ከተገለበጠ የጭነት መኪና ያወጣትን ትንሽ ሞተር ጭኑ ላይ ይዟል፤ የጡጫ ያህል ናት። ክዳኗን በካቻቢቴው ፈታው። አስካለ ከጎኑ ቁጢጥ አለች፤ ሰዓቱ የሥራ ሰዓት መሆኑን ረስታዋለች።

«እናትሽ ይፈትላሉ?»

«ስትፈትል እያየሁ ነው ያደግሁት።»

«እንግዲያው ይገባሻል። ይቺ እንዝርቷ ናት። በዚህ በተጠቀለለው ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲገባ ትሾራለች። ግን እንደ እንዝርት በአንድ በኩል ብቻ ነው የምትሾረው፣ በጣምም ትፈጥናለች። መጥረጊያውን ብናስርባት ወርውራ ትጥለዋለች።»

«መጥረጊያው ደግሞ ሄዶ መመለስ አለበት።»

«አዎ።» አስካለ ቶሎ ስለገባት ደስ አለው፤ ጆሮው በደስታ ቀላ። «እዚህ ጫፏ ላይ እንደ ቡሎን ጥርስ ተቆርጦላታል። ይህን ጥርሳም የብረት ጎማ ታዞራለች። እሷ ብዙ ስትሾር ጎማው አንዴ ብቻ ይዞራል። ይዘገያል፤ ግን ጉልበት አለው።»

በግራሶ በተለወሰ ጣቱ ጎማውን ቀስ አድርጎ አዞረላት። ጎማው ላይ፣ ከመሐሉ ፈንጠር ብላ፣ አንዲት ዘንግ ተሰክታለች። ጎማው ሲዞር ዘንጓ አንዴ ትገፋለች፣ አንዴ ትስባለች፤ ያንን ተከትሎ የመጥረጊያው ክንድ ወዲያና ወዲህ ይላል። አስካለ አጎንብሳ አየች። ፀጉሯ ትከሻውን ነካው። አበባው ጎማውን ማዞሩን አቆመ።

«ለምን ቆመ?» አለች።

«ማን?»

«ጎማው ነዋ።»

«እ፣ ጎማው» አለና እንደገና አዞረው።

ከጎማው ሥር የነሐስ ክብ አለች፤ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጣለች። አበባው ይህችን በተለይ ሊያሳያት ፈልጎ ነበር። ሹፌሩ ማብሪያውን ቢያጠፋ እንኳ ኤሌክትሪኩ በዚህች ክብ በኩል መምጣቱን አይተውም። መጥረጊያው ከታች ማረፊያው ሲደርስ የተቆረጠው ቦታ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፣ ሞተሩም ይቆማል።

«መስታወቱ መሐል ቆሞ እንዳያስቸግር ነው?»

«አዎ። መንገድ ላይ አይቀርም። ቤቱ ሳይደርስ አያርፍም።»

«ጎበዝ ነው» አለች አስካለ፤ ሞተሩን ይሁን ሰውዬውን ራሷም አላወቀችም።

በነሐሴ አንኮበር ሲሄዱ ጭቃው የባሰ ነበር። ሲመለሱ መታጠፊያው ጋ ሊደርሱ አበባው ምንም ሳይናገር አንዲት ማብሪያ ተጫነ። ከኋላ ንዝረት ተሰማ። መጥረጊያው ጭቃውን እየገፋ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። በተጠረገው ቦታ ጉሙ ታየ፣ ከጉሙ ውስጥ ጥዱ፣ ከጥዱ ሥር እናቷ። እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ በበርኖስ ተጠቅልለው ቆመዋል። አስካለ በሁለት እጇ አወዛወዘች። እናቷ በመጀመሪያ ደንግጠው ቆሙ፤ ከዚያ በርኖሱን ከራሳቸው ላይ ገፍተው እጃቸውን ከፍ አደረጉ።

አስካለ ወደፊት ስትዞር የአበባው ዓይኖች ስፔኪዮው ውስጥ ይጠብቋታል።

«አየሻቸው?»

ራሷን ነቀነቀች። ባለፈው ደረቅ ያለችውን ሰው አሁን ከኋላ ሆና አንገቱን ታየው ጀመር፤ አንገቱ ላይ የግራሶ ምልክት አለ። ያን ምልክት በሻሿ ብትጠርግለት ደስ ባላት ነበር።

ፍቅራቸው በዚህ ተጀመረ፤ በስፔኪዮ። ጋሽ ወልደ ሰንበት ከፊት ያንኮራፋሉ፣ ሁለቱ በመስታወት ይተያያሉ። አበባው የሚናገረው ጥቂት ነው፤ አስካለ ግን ከጥቂቱ ብዙ መልቀም ተማረች። መስከረም ካበቃ በኋላ አንድ ቀን፣ ሜዳው በገብስ ቢጫ ሆኖ ሳለ፣ ድንገት እንዲህ አላት፦

«አንቺን ሳይ መንገዱን፣ መንገዱን ሳይ አንቺን እያጣሁ ነው።»

«እንግዲያው መንገዱን እይ» አለችው። «እኔ የትም አልሄድም።»

በጥምቀት ማግስት ግን መሪጌታ ወልደተንሣኤ ልጃቸውን ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጧት። ዲያቆን ዘርአ ዳዊት የሚባል ተማሪ ነበራቸው፤ ድምፁ ያማረ፣ ጠባዩም የተመሰገነ። ከፋሲካ በኋላ ጳጳሱ ሲመጡ ቅስና ይቀበላል። ቅስና ከመቀበሉ በፊት ደግሞ ማግባት አለበት፤ ሥርዓቱ ነው።

«ቃል ሰጥቼዋለሁ» አሏት መሪጌታ። «ደግ ልጅ ነው። አብረሽው በደህና ትኖሪያለሽ።»

አስካለ መሬት መሬት አየች። በአባቷ ፊት «ሌላ ሰው እወዳለሁ» የሚል ቃል ከአፏ ሊወጣ አልቻለም። ለአበባው የነገረችው እያለቀሰች ነው።

«ሽማግሌ እልካለሁ» አለ።

መላኩስ ይላክ፤ በምን ይሂዱ? ደብረ ብርሃንና አንኮበር ለጎልማሳም ቅርብ አይደሉም፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሚሆኑት የጋሽ ወልደ ሰንበት ጉልበት ደግሞ በቅሎ ላይ አይወጣም። ያለችው የጤና ጣቢያው መኪና ናት፤ መኪናዋንም ከአበባው በቀር የሚነዳት የለም። ሚስት ጠያቂ ሽማግሌዎቹን ራሱ ጭኖ ሲሄድ በሸዋ ምድር ተሰምቶ አይታወቅም። ሙሽራ እንዲህ ባለ ቀን ከአካባቢው መጥፋት አለበት።

«አንተ መኪናህ ውስጥ ቁጭ በል» አሉት ጋሽ ወልደ ሰንበት። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም።»

በየካቲት፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ሦስት ሽማግሌዎች መኪናዋ ላይ ተጫኑ፤ ጋሽ ወልደ ሰንበት፣ ከጫጫ የመጡ የአበባው አጎትና አባ ገብረመንፈስቅዱስ የሚባሉ ቄስ። አስካለም ለክትባት ሥራዋ ከኋላ ከእነሱ ጋር ተቀምጣለች። ስለምን እንደሚሄዱ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ስለ ገብስ ዋጋ ብቻ ያወራሉ።

እንደደረሱ አስካለ ወደ ማድ ቤት ገባች። ሽማግሌዎቹ ከመሪጌታ ሳሎን ገብተው ቆሙ። ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም። ያን ጊዜ የበልግ ዝናብ ከነበረዶው ወረደ። መሪጌታ በመስኮት ቢያዩ አበባው መኪናዋ ውስጥ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተጠቅልሏል። ዘወትር የሚያውቁት ሹፌር ነው።

«ምነው ልጁን በብርድ ገደላችሁት? ጥሩት፤ ቤት የእግዚአብሔር ነው» አሉ።

«ግድ የለም፣ እዚያ ይሻለዋል» አሉ ጋሽ ወልደ ሰንበት በፍጥነት።

«በእኔ ደጅ እንግዳ በረዶ ላይ አይቀመጥም» አሉና መሪጌታ ራሳቸው ካባቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ወጥተው፣ እጁን ይዘው አስገቡት። ከእሳቱ አጠገብ አስቀመጡት። እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ እንጀራ በወጥ አቀረቡለት። አበባው እንቢ ማለት ነውር ሆነበት፣ መብላትም ነውር ሆነበት። በመጨረሻ ጎረሰ።

ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፣ ሙሽራው ተቀምጦ ይበላል። አስካለ በማድ ቤቱ በር ስንጥቅ ይህን አይታ ነጠላዋን ነክሳ ግድግዳ ተደገፈች።

አባ ገብረመንፈስቅዱስ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ልጅዎን ለልጃችን አሉ። ዘሩንም፣ ምግባሩንም፣ ሠርቶ ማደሩንም ዘረዘሩ። መሪጌታ በጽሞና ሰሙ።

«ነገሩ መልካም ነው። ልጁ ማን ይባላል?»

ሦስቱም ሽማግሌዎች መሬት አዩ። ከዚያ፣ ሳይፈልጉ፣ ሦስቱም ወደ እሳቱ አዩ። አበባው ጉርሻውን መዋጥ አቃተው።

መሪጌታ ዞረው ሹፌሩን አዩት። አዩትና ቆዩ።

«ሽማግሌ ቆሞ ሙሽራ ተቀምጦ ይበላል?» አሉ በቀስታ። «ይህን ያህል ዘመን ስኖር እንዲህ ያለ አላየሁም። ለማንኛውም ልጄ ቃል የተሰጠባት ናት። መንገዱን ሰላም ያድርግላችሁ።»

አበባው ተነሥቶ እጅ ነሣና ወጣ። መኪናዋ ተነሣች። እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ግን እንደ ልማዳቸው በዝናቡ ተከትለው መታጠፊያው ላይ ቆሙ። የኋላው መጥረጊያ መሥራት ጀመረ። አስካለ በእንባ ውስጥ ሆና እጇን አወዛወዘች፤ እናቷም አወዛወዙ።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ቤት ገብተው ባላቸው ፊት ቆሙ።

«መሪጌታ፣ ልጄ በጭቃ መስታወት ተከልላ ስትሄድ ኖራ፣ መስታወቱን ጠርጎ ፊቷን ያሳየኝ ይህ ልጅ ነው።»

«ቃሌ ከሚጠፋ የወለድኩት ይጥፋ ይባላል።»

«የወለድኳትስ እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ።

መሪጌታ ግን ቃላቸውን አላጠፉም። የሠርጉ ቀን ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ተባለ።

በመጋቢት መኪናዋ ከአንኮበር ስትመለስ ዲያቆን ዘርአ ዳዊት ደብረ ብርሃን ጉዳይ ነበረውና ተሳፈረ። ጋሽ ወልደ ሰንበት በጉልበታቸው ምክንያት ቀርተዋል። ዲያቆኑ የፊቱን ወንበር ትቶ ከኋላ፣ ከአስካለ ትይዩ ተቀመጠ። መታጠፊያው ላይ አበባው እንደ ወትሮው ማብሪያውን ተጫነ። መጥረጊያው ግማሽ ሄዶ ተቸነከረ። ብርዱ ጭቃውን አድርቆት ነበር። ሞተሩ ብቻ እያቃሰተ ቀረ።

አበባው አጠፋው። ማቃሰቱ ግን አልቆመም፤ መጥረጊያው ማረፊያው አልደረሰምና ኤሌክትሪኩ በነሐሷ ክብ በኩል መምጣቱን ቀጥሏል። ሞተር ተይዞ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ይግላል፣ ከዚያ ይቃጠላል። የሽቦ ሽታ መጣ። አበባው መንገዱ ሰፋ ካለበት እንደደረሰ ፍሬን ያዘና ፒንሳ ይዞ ወረደ።

በመጀመሪያ ሽቦውን ነቀለ፤ ማቃሰቱ ቆመ። ከዚያ ከመስታወቱ በስተውጭ ቆሞ ጭቃውን በጥፍሩ ይፈለፍል ጀመር። የመጥረጊያው ላስቲክ እንዳይሰነጠቅ በትንፋሹ ያሞቀዋል። ጣቶቹ ቀልተዋል። ከውስጥ አስካለ ታየዋለች። እሱም አንዴ ቀና ብሎ አያት፤ ወዲያው ደግሞ ከጎኗ ያለውን ሰው አስታውሶ አቀረቀረ።

ዲያቆን ዘርአ ዳዊት ሁለቱንም አየ።

«አስካለ» አለ ለስለስ አድርጎ፣ «የምታዪው መጥረጊያውን ነው ሰውዬውን?»

የምትዋሽበት ጊዜ ነበራት፤ አልዋሸችም።

«ሰውዬውን» አለች።

«የኔታ ያውቃሉ?»

«አባባ ሽማግሌዎቹን እንጂ እኔን አልጠየቁኝም። እወደዋለሁ፣ ዲያቆን። አንተን ባገባ አከብርሃለሁ፤ ግን እሱን እወደዋለሁ።»

ዲያቆኑ የነጠላውን ጫፍ በጣቱ ሲጠቀልል ቆየ። ከልጅነቱ ጀምሮ በአባቷ ቤት ቆሎ ቆርጥሞ ያደገ ነው፤ ሲያያትም ኖሯል። እሱም ሳይወዳት አልቀረም።

«ሌላው ሰው ቢሳሳት ዳግመኛ ያገባል» አለ በመጨረሻ። «ለቄስ ግን አንዲት ብቻ ናት። ሌላ ሰው የምታይ ሴት ይዤ መቅደስ መግባት አልችልም። ለየኔታ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

«ይቆጡሃል።»

«ይቆጡኝ። ከአንቺ የዕድሜ ልክ ዝምታ የየኔታ ቁጣ ይሻለኛል።»

አስካለ ጎንበስ ብላ እጁን ሳመችው። እንዳትስመው ሊከለክላት ነበር፤ አልደረሰም። ውጭ አበባው ሽቦውን መልሶ ሰካ፤ መጥረጊያው ተንቀጥቅጦ ተነሣና ወርዶ ማረፊያው ላይ ተኛ። ስለ ምን እንደተነጋገሩ አልጠየቀም፤ ደብረ ብርሃን እስኪደርሱ መሪውን አጥብቆ ይዞ ነዳ። ስትወርድ አስካለ ነገረችው። የመኪናዋን በር መዝጋት ረስቶ ሄደ።

ዲያቆን ዘርአ ዳዊት ቃሉን ጠበቀ። በለሚ አገር የአንድ ቄስ ልጅ አጭቶ ከጳጳሱ መምጣት በፊት አገባ፤ በትዳሩም ተመስግኖ ኖረ። መሪጌታ ግን ምን እንዳሰቡ የሚያውቅ አልነበረም። ለዲያቆኑ «ሰማሁ» ብለውታል፤ ሌላ አልጨመሩም። ለባለቤታቸውም፣ ለልጃቸውም አልተናገሩም። ሌላ ዲያቆን እንዳያጩላት ፈርታ አስካለ እንቅልፍ አጣች።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹ እንደገና ተነሡ። ዘንድሮ በልጉ ገና አላባራም። አበባው መኪናዋን ከግቢው ራቅ አድርጎ አቆማትና መሪው ላይ ተደፋ። በር እንኳ ቢንኳኳበት ላይወርድ ምሏል። አስካለ ማድ ቤት ገባች። ሦስቱ ሽማግሌዎች ከሳሎን ቆመው የመጡበትን ተናገሩ።

መሪጌታ ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ዝናቡን አዩ፣ ከዝናቡ ወዲያ መኪናዋን አዩ።

«ልጅ አስካለ» ብለው ተጣሩ።

መጥታ ከበሩ ላይ ቆመች፤ እጇ ሊጥ ነው።

«ያ ልጅ ይበርደዋል። ምግብ ውሰጂለት። ወደዚህ ግን እንዳይገባ በዪው።» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው መደቡን አሳዩ። «እናንተ ተቀመጡ።»

ጋሽ ወልደ ሰንበት ጉልበታቸውን ረስተው ከሁሉም ቀድመው ተቀመጡ።

አስካለ ሳህኑን በነጠላዋ ሸፍና በዝናቡ ሮጠች። አበባው በሩን ከፈተላት። ፊቷን አይቶ ምንም ሊያነብበት አልቻለም፤ ዝናቡና እንባው ተቀላቅሏል።

«ምን አሉ?»

«ወደ ቤት እንዳይገባ አሉ።»

አበባው ዓይኑን ጨፈነ። «እንግዲያው አሁንም እንቢ ብለዋል።»

«ሽማግሌዎቹን ተቀመጡ አሏቸው።» ሳህኑን ጭኑ ላይ አኖረችለት፤ እጇን ግን ከሳህኑ አላነሣችም። «አበባው፣ ሙሽራ እኮ እንዲህ ባለ ቀን አማቹ ቤት አይገባም።»